ሳይረኑ ሲጮኽ ከመድረክ ስላወረዱዎት ሰው

ለተከበሩ አቶ ሽፈራው
የመከላከያ ድጋፍና የሕዝብ ዝግጁነት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐረር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይም በዚያ ቅዳሜ ሸዋ በር አጠገብ ከተሠራው መድረክ ድንገት በወደቁ ጊዜ የተላጠውን ጉልበትዎን አላህ ፈጽሞ ምሮልዎት፣ ደረጃ ሲወጡም ሆነ ሲወርዱ የማያስቸግርዎት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ሱፍ ልብስዎም ታጥቦ ጭቃው ሙሉ በሙሉ እንደለቀቀ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ። በእኛ በኩል፣ ጠይቀውን ባያውቁም፣ ከአንድ ሰው ትከሻ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ መብሩካ ዐብዱራሕማን እባላለሁ። ጀጎል ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው ጨርቅ የምሸጥ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጄን ናዝራን ብቻዬን ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ “ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው” ተባልኩ። ስብሰባው ሀገርን ስለ መከላከል መሆኑም ስለተነገረኝ፣ በእኔ ምክንያት ሀገር ያለ ተከላካይ እንዳትቀር ብዬ ላቋርጥዎት አልደፈርኩም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ነገሬን ያልወደደ ሁሉ የሀገር ጠላት ናት እንዳይለኝ። እኔ መከላከያችን ይጠናከር ከሚሉት ወገን ነኝ። ዓለም እንደተናወጠች ለማወቅ የእርስዎ አዳራሽ አላስፈለገኝም። ከቱርክ ያዘዝኩት ጨርቅ፣ የጫነው መርከብ ቀይ ባሕር ላይ የሚወረወረውን ሚሳይል ፈርቶ በየወደቡ ሲንከላወስ፣ የዒድ ገበያ ካለፈ በኋላ ነው የደረሰኝ። ሰው የማይቀመጥበት አውሮፕላን በሩቅ ሀገር የሰው ቤት ላይ ሲወርድ በልጄ ስልክ አይቻለሁ። ያን ካየሁ ወዲህ ውስጤ አይረጋም። ጨርቅ እየለካሁ ሰማዩን አያለሁ፤ ቁጥሩ ይጠፋብኝና እንደገና እለካለሁ። ደንበኞቼ “መብሩካ ምን ሆነሻል?” ይሉኛል። ምን እንደሆንኩ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነበር ወደ አዳራሽዎ የመጣሁት።

አንደኛው ቅሬታዬም ይኸው አዳራሹ ነው።

“መከላከያን የማጠናከር ሳምንት” ብለው የጠሩን ጊዜ፣ በግቢያችን ተከራይተው የሚኖሩት ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ ከእኔና ከናዝራ ጋር አብረው መጡ። እኚህን ሰው በሚገባ ላስተዋውቅዎት ይገባኛል፤ እስከ አሁን የተዋወቋቸው በደረታቸው በኩል ብቻ ነውና። ትውልዳቸው ወሎ ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ገና ጢም ሳያበቅሉ በዚህች ከተማ ዙሪያ አየር መቃወሚያ ላይ ተመደቡ፤ የቀኝ ጆሯቸውን እዚያው ትተውት ቀሩ። ጦሩ ሲበተን ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም። ጊዲር መጋላ ገበያ የእህል መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው፣ እግራቸው ሲደክም ጥበቃውን ተዉ። ረመዳን ሲገባ በግቢያችን ሲጋራ አያጨሱም፤ “ትከለክሉኛላችሁ ብዬ አይደለም፣ ያሳፍረኛል” ይላሉ። ልጄ ናዝራ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ስትጨርስ “አየር መከላከያ ውስጥ እገባለሁ” ያለችው የእሳቸውን ወሬ ሰምታ ስላደገች ነው። እኔ አልፈለግሁም። እሷ ግን ሄዳ ተመዘገበች።

በአዳራሹ ስለ ዓለም ሁኔታ ያቀረቡት ገለጻ በጣም ያማረ ነበር። ግድግዳው ላይ ካርታ መጣ፣ ቀይ ቀስቶች መጡ፣ ቀስቶቹ ወደ እኛ ዞሩ። ሸዋ በር ላይ የሚተከለው የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረንም በፎቶ ታየ፤ አጨበጨብን። ጥያቄ ያለው ሲባል ሃምሳ አለቃ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

“ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ነገር ሲጮኽ ሕዝቡ ወዴት ይሂድ? የጀጎል መንገድ እኮ ጠባብ ነው። ሁሉም ወደ በሩ ከሮጠ በሩ ላይ ያልቃል።”

እርስዎም በታላቅ ትሕትና “አባት፣ ዝርዝሩ በሂደት ይገለጻል፤ አሁን ያለነው የመንፈስ ዝግጁነት ላይ ነው” ብለው መለሱላቸው። አዳራሹ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ግን አልከፋቸውም። ተቀምጠው በደህናው ጆሯቸው በኩል ወደ እኔ ዘንበል አሉና “ጥሩ ነው፤ ሊያስቡበት ነው ማለት ነው” አሉኝ። ይህን ያህል በጎ የሚያስብልዎት ዜጋ በአዳራሽዎ ውስጥ ሌላ እንዳልነበረ ልመሰክር እችላለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቅዳሜ ዕለት ነው።

በዚያ ቀን ለሳምንቱ መዝጊያ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች በክብር ተጋብዘዋል ስለተባለ ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን ናዝራን አስተኩሰው መጡ፤ የክብር ቦታቸውም ከኋላ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ሆነ። እርስዎ መድረኩ ላይ ቆመው ስለ ንቁ ሕዝብ እየተናገሩ ሳለ ሳይረኑ ጮኸ። ልምምድ መሆኑን የሚያውቁት እርስዎና ጥቂት ባልደረቦችዎ ነበራችሁ። ሰዓቱ ለሕዝብ ያልተነገረው ድንገተኛነቱ እንዳይበላሽ መሆኑን በኋላ በሬዲዮ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በእውነትም አልተበላሸም።

ከመድረክ ሆነው አይተውት እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ ከጀጎል ውስጥ ያለው ወደ ውጭ፣ ከውጭ ያለው ወደ ውስጥ ሮጦ በሩ ላይ ተጋጠመ። ጫት ሻጮቹ እቃቸውን እየጣሉ ተነሡ። የታክሲ ሹፌሮች ተሳፋሪ ሳያወርዱ መኪና አስነሡ። ከእኔ ጎን የነበረች ሴት የልጇን እጅ የያዘች መስሏት የእኔን እጅ ይዛ ትጎትተኝ ጀመር፤ ልጇ በሌላ በኩል ይጮኻል። እኔም “ያ ረቢ! ያ ረቢ!” ከማለት በስተቀር አንድ እርምጃ መራመድ አልቻልኩም።

ያኔ ከኋላችን ድምፅ ሰማሁ።

“ተኛ! መሬት! ሁላችሁም መሬት!”

ይህን ድምፅ በግቢያችን ሰምቼው አላውቅም። ዞር ስል ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ይሮጣሉ። በዱላ የሚሄዱ ሰው እንዲህ መሮጥ ይችላሉ ብሎ ቢነግረኝ ማንንም አላምንም ነበር። ሰዉ ደግሞ ታዘዛቸው። የታክሲ ረዳቱ ተኛ፤ ሻጮቹ ተኙ፤ ናዝራ ያቺን ሴትና እኔን አንድ ላይ ገፍትራ ጣለችንና ልጁን ጎትታ ከእናቱ አጠገብ አስተኛችው። በሩ ላይ ሲጋፋ የነበረው ሕዝብ ባለበት ዝቅ ሲል ግፊያው ቆመ። በዚያ ቀን ሸዋ በር ላይ ሰው ረግጦት የሞተ የለም፤ ምክንያቱን በሬዲዮ በተነበበው ሪፖርትዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ ምናልባት አስቸኳይ ስለነበረ ተረስቶ ይሆናል።

መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል ቆሞ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ወረቀትዎን እንደያዙ፣ ልምምድ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ሃምሳ አለቃ መድረኩ ላይ ወጡ፣ ትከሻዎን ይዘው ከመድረኩ ወደ መሬት ሳቡዎት፣ ከላይዎ ተኙብዎት። ጠባቂዎችዎ ደርሰው እጃቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ሲያነሷቸው ምን ይሉ እንደነበር ከሥራቸው ሆነው ሰምተውት ይሆን? እኛ ከታች ሆነን ሰምተነዋል።

“ገና ነው! ገና ነው! እሳቸውን አታንሷቸው!” ይሉ ነበር።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሆነው በቁጥር አልደረደር አለኝ፤ እንደሆነው ብቻ ልንገርዎት።

ሃምሳ አለቃን ወስደው ያሰሩበት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የተቀመጠው ፖሊስ ጨዋ ልጅ ነበር። “እናቴ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው። በባለሥልጣን ላይ እጅ ማንሣት ነው የተባለው” አለኝ።

“እጃቸውን መቼ አነሡ? ሙሉ ሰውነታቸውን ነው የጣሉላቸው” አልኩት።

ልጁ ሳቁን ዋጠ፤ ግን አላስገባኝም። የሴቶች አፎቻ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናፊያ፣ ሠርግም ሐዘንም ሲሆን የምታሰባስበን ሴት፣ አባላቱን ሁሉ ጠርታ መጣች። የጣቢያው ግቢ ውስጥ ነጠላችንን አንጥፈን ተቀመጥን። “ምን ፈልጋችሁ ነው?” ሲሉን ናፊያ “ምንም። ሐኪም እስኪያያቸው ደክሞን ነው የተቀመጥነው” አለች። በመጨረሻ የጤና ባለሙያ ገባ። የቀኝ ትከሻቸው ተሰብሯል አለን።

እኔንም ለአፍታ አስገቡኝ። ሃምሳ አለቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን በሻርፕ አንጠልጥለዋል። ፊታቸው በሐረር ፀሐይ የጠቆረ ነው፤ በዚያ ቀን ግን አመድ መስለው ነበር።

“ልምምድ መሆኑን የነገረኝ የለም፣ መብሩካ” አሉኝ።

“ለማንም አልተነገረም፣ ሃምሳ አለቃ።”

“እንደዚያ ከሆነ ደህና። እኔ ብቻ ያልሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ በጆሮዬ ምክንያት።”

ያሳሰባቸው ይህ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ስለነበር ጠየቅኋቸው። “ለምን ወደ መድረኩ ሮጡ? እኔና ናዝራ እኮ አጠገብዎ ነበርን።”

በጥያቄዬ ተገረሙ። “እናንተ ተኝታችኋላ። ከፍ ብለው የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ከላይ የሚመጣው መጀመሪያ የሚያየው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው።”

የተከበሩ አቶ ሽፈራው፣ ከፍ ብለው መቆምዎን እንዲህ በአሳቢነት የተመለከተልዎት ሰው ከዚህ በፊት አጋጥሞዎት ያውቃል?

ሰኞ ዕለት የሚፈቱበት መንገድ ተገኘ። ከኮሚቴዎ በኩል ተዘጋጅቶ የመጣ የይቅርታ ጽሑፍ ነበር፤ “ሥነ ሥርዓቱን በማደናቀፌና የሰብሳቢውን ክብር በመንካቴ ተጸጽቻለሁ” ይላል። እኔ “እንዳይፈርሙ!” ብዬ ጮኽኩ። ናዝራም እያለቀሰች ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ብዕሩን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ፊደሉ እየተጣመመባቸው፣ ፈረሙ።

“ይቅርታ ብጠይቅ ምን ይጎድልብኛል?” አሉን ወደ ቤት ስንሄድ። “ሰውየው በእውነት ደንግጠዋል። ልባቸው ሲመታ እኮ ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።”

ለኮሚቴዎ ያለኝ ምስጋና እዚህ ላይ ይብቃ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን በምስጋና መናገር አልችልበትም።

ድሮ ጠዋት ጠዋት በግቢያችን በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚሉት ሰው አሁን ከክፍላቸው አይወጡም። ሬዲዮናቸውን ዘግተዋል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አዛን ሊባል ሲል ትንሽ ካፏጨ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ መልሰው ይቀመጣሉ፤ ማን አየኝ ብለው ዙሪያውን ያያሉ። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ስገባ “መብሩካ፣ ሌላ ጊዜ ሳይረን ብሰማ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልቀመጥ?” ብለው ጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ወታደር እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁኝ። ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጬ ወጣሁ። ሱቅ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ እቀመጣለሁ እነሣለሁ፣ ይህ ጥያቄ ግን አብሮኝ ይዞራል። አሁን ሳይረኑ ቢጮኽና እውነት ቢሆን፣ በዚያ ቀን የተኛው ሁሉ ይተኛል? ወይስ “አቶ ሽፈራው ናቸው” ብሎ ገበያውን ይቀጥላል?

ናዝራ ደግሞ የምዝገባ ወረቀቷን ይዛ መጥታ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው።

“አልሄድም፣ እማ። ወረቀታቸውን መልሰው ይውሰዱት።”

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወላሂ፣ ስንት ሶላት ላይ የለመንኩት ይህንኑ ነው። ግን ደስ አላለኝም። ፈርታ ብትቀር እቅፍ አድርጌ እይዛት ነበር፤ ልጄ ግን የቀረችው ንቃ ነው። ድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ንቀት ከየትኛውም ቀይ ቀስት የበለጠ አስደነገጠኝ። ልጆቿ እንዲህ የሚንቋትን ሀገር ማን ይጠብቃታል?

ሃምሳ አለቃ ከክፍላቸው ሆነው ሰምተው ነበርና ወጡ። ከተፈቱ ወዲህ ሳይጠሩ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

“ናዝራ፣ በእኔ ምክንያት ነው?”

“አዎ፣ ጋሼ። እርስዎን እንዲህ ያደረገ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?”

“እኔን እንዲህ ያደረገኝ ጦሩ አይደለም።”

“ታዲያ ማነው?”

“ጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው። ሲይዙኝ እነሱም ፈርተው ነበር። የሚጠብቁትን ሰው የሚያድንና የሚገድል ለይተው እንዲያውቁ ማንም አላስተማራቸውም። ሳይረን ሰቅለው ሰው ያልነገሩትም እንደዚያው፤ ያስተማራቸው የለም። ጠላት ካልሽኝ፣ ጠላት እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚወደው።” ደህናውን እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። “አንቺ ተምረሻል። ሂጂና ጥሩ አድርገሽ ተማሪ። ከዚያ ተመልሰሽ እነዚህን ልጆች አስተምሪያቸው። አኩርፈን ብንቀር መሣሪያውን የሚይዘው ማን ነው?”

ናዝራ ወረቀቱን ከፊቴ አነሣችው። በሚቀጥለው ሳምንት ከምልምሎቹ ጋር ትሄዳለች። ፈቀድኩ ማለት አልችልም፤ አልከለከልኩም። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አየሁና ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሁለት መንገድ ዞሬ ተመለስኩና ልብሷን አጣጠፍኩላት።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ሀገር በሚያንዣብብባት ስጋት ፊት መከላከያዋን ታጠናክር የሚለውን ጥሪዎን ከእርስዎ በላይ የምደግፍ ሆኜ በትሕትና እለምናለሁ። ከሳይረኑ በፊት ሕዝቡ ይነገረው፤ መስጊዶቻችንም አብያተ ክርስቲያናቱም ድምፅ ማጉያ አላቸው፣ ገበያውም ወሬ ለማድረስ ከማንም ይፈጥናል። ከጀጎል በሮች የትኛው መውጫ፣ የትኛው መግቢያ እንደሚሆን፣ ሽማግሌና ሕፃን የት እንደሚጠለል መጥታችሁ ከእኛ ጋር እዩ። ጠባቂዎችዎ ይሠልጥኑ። ያገለገለ ሰው ከጄኔሬተር አጠገብ አይቀመጥ። ሃምሳ አለቃን ወደ ደህና ሐኪም አድርሱልኝ፤ ትከሻቸው ሳይገጥም እየደረቀ ነው። ያን የፈረሙትን ወረቀት ደግሞ ከፋይሉ አውጥተው በእጅዎ ይዘው ወደ ግቢያችን ይምጡ። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲገቡ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ማንም አይገፋዎትም።

ጊዜዎን ይህን ያህል በመውሰዴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ኮሚቴዎ የሚያወጣቸው ቀይ ቀስቶች ሁሉ ከካርታ ሳያልፉ እንዲቀሩ፣ ሰማያችንም የሚጠብቁት እንጂ የሚናገሩለት ሰዎች እንዳይበዙበት አላህን እየለመንኩልዎት፣ ከፍ ባለ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤ ዝቅ ማለቱን በዚያ ቅዳሜ ተምሬዋለሁና።

መብሩካ ዐብዱራሕማን
የጨርቅ ነጋዴ፣ የምልምል ናዝራ እናት
ጀጎል፣ ሐረር

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎልኝ፣ በምልምሎቹ የሽኝት በዓል ላይ በአርአያ እናትነት ተመርጬ ከእርስዎ ቀጥሎ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዣለሁ። ስለተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ፤ እመጣለሁም። በመድረኩ ላይ የምናገረውን ግን አስቀድሜ በጽሑፍ እንዳቀርብ ተጠይቄ ነበር። ይኸው፣ አቅርቤያለሁ።